ፒኤስኪውኤልን መብራትና ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ቢሮ ማዘጋጀት

ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ያለ አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ቢሮ እንውሰድ። ጠዋት ጀልባዎች ሲገቡ ቀረሶው፣ አምባዛውና ነጭ ዓሣው ይመዘናል፤ የጀልባው ስም፣ የዓሣው ዓይነትና ኪሎው ይመዘገባል። መዝገቡ ያለው በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ውስጥ ነው፤ ሰርቨሩ ሌላ ከተማ ነው፤ መዝጋቢው የሚሠራው በላፕቶፕ፣ ፒኤስኪውኤል በሚባለው የተርሚናል ክላየንት ነው። የክረምቱ ነጎድጓድ ሲጀምር መብራቱ ይሄዳል፣ ዋይፋዩ ይከተላል። እንደተጫነ የተተወ ፒኤስኪውኤል ለዚህ ዓይነት ቀን የተዘጋጀ አይደለም። አንድ ሰዓት ሰጥቶ ማዘጋጀት ግን ይቻላል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንለይ። የምትሰጡት ቅንብር ሁሉ አንድ ቦታ አይቀመጥም። በ\ የሚጀምሩ ትእዛዞች የክላየንቱ የራሱ ናቸው፤ ላፕቶፑ ላይ ይኖራሉ። በ«ሴት» የምትጽፏቸው የኤስኪውኤል ትእዛዞች ግን ሰርቨሩ ላይ፣ በዚያች በአንዷ ግንኙነት ውስጥ ነው የሚኖሩት። ኔትወርኩ ተቆርጦ ፒኤስኪውኤል በራሱ መልሶ ሲገናኝ የመጀመሪያዎቹ እንዳሉ ይቆያሉ፤ ሁለተኛዎቹ ግን ምንም ሳይባል ይጠፋሉ። ስለዚህ ከዚህ በታች በእያንዳንዱ ቅንብር ላይ የምንጠይቀው «ግንኙነቱ ቢቆረጥ ይተርፋል ወይ?» ብለን ነው።

ስለ አጻጻፋችን፦ ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ እናንተ በእንግሊዝኛ ፊደል ትተይቧቸዋላችሁ። እንደ \ _ = : % ያሉት ምልክቶች እንዳሉ ይገባሉ። የፒኤስኪውኤል ልዩ ተለዋዋጮች (ለምሳሌ ኦን_ኤረር_ሮልባክ) ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደላት ይጻፋሉ፤ የቀረው፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ በትንንሽ። ይህን አቅልላችሁ አትዩት። ልዩ ተለዋዋጭን በትንሽ ፊደል ብትጽፉ ፒኤስኪውኤል ስህተት አይልም፤ ሌላ አዲስ ተለዋዋጭ ፈጥሮ ዝም ይላል፣ እናንተም ቅንብሩ የሠራ ይመስላችኋል።

መጫን

ኡቡንቱ ላይ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ፖስትግሬስኪውኤል-ክላየንት» ይበቃል፤ ሙሉውን ሰርቨር መጫን አያስፈልግም። ክላየንቱ ከሰርቨሩ እኩል ወይም አዲስ ስሪት ይሁን። አሮጌ ክላየንት ከአዲስ ሰርቨር ጋር ይገናኛል፣ ግን \ዲን የመሳሰሉ ሠንጠረዥ የሚዘረዝሩ ትእዛዞች ስህተት ሊሰጡ ይችላሉ፤ የሚጠይቁት የሰርቨሩን የውስጥ ካታሎግ ስለሆነና እሱም ከስሪት ስሪት ስለሚለዋወጥ ነው።

አድራሻውን በፋይል ማኖር

ሆስቱን፣ ፖርቱንና የተጠቃሚውን ስም በየጊዜው መተየብ ለስህተት በር ይከፍታል። በሆም ፎልደራችሁ ውስጥ .ፒጂ_ሰርቪስ.ኮንፍ የሚባል ፋይል ክፈቱና እንዲህ ጻፉ፦

[ጣና]
ሆስት=የሰርቨሩ አድራሻ
ፖርት=5432
ዲቢኔም=የዳታቤዙ ስም
ዩዘር=የተጠቃሚው ስም
ኤስኤስኤልሞድ=ሪኳየር
ኮኔክት_ታይምአውት=10
ኪፕአላይቭስ_አይድል=60
ኪፕአላይቭስ_ኢንተርቫል=10
ኪፕአላይቭስ_ካውንት=3

ከእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ባዶ ቦታ አትተዉ። ብዙ የቅንብር ፋይሎች ባዶ ቦታን ችላ ይላሉ፤ ይህኛው ግን ከምልክቱ በፊት ያለችውን ባዶ ቦታ የቃሉ አካል አድርጎ ያነባትና የአጻጻፍ ስህተት ብሎ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ «ፒኤስኪውኤል ሰርቪስ=ጣና» ብላችሁ ትገባላችሁ።

ኮኔክት_ታይምአውት ካልተሰጠ፣ ኔትወርኩ በሌለበት ሰዓት ሊኑክስ ላይ ከ2 ደቂቃ በላይ ፈዝዞ ይቆያል። 10 ሴኮንድ ለእኛ መስመር ይበቃል። ኤስኤስኤልሞድን ካልነካችሁት ፒኤስኪውኤል ምስጠራን ይሞክራል፣ ካልሆነለት ግን ያለ ምስጠራ ይገባል። በሐይቁ ዳር ካፌ ዋይፋይ የሚሠራ ሰው ቢያንስ ሪኳየር ማለት አለበት። የሰርቨሩ ሰርተፍኬት እጃችሁ ካለ ቬሪፋይ-ፉል ይሻላል፤ ሪኳየር መስመሩን ይመሰጥራል እንጂ ከወዲያ ያለው እውነተኛው ሰርቨር መሆኑን አያጣራም።

ሦስቱ የኪፕአላይቭስ መስመሮች (መጨረሻው ላይ ያለችውን «ኤስ» አትርሱ) ለመቆራረጥ የመጀመሪያው መድኃኒት ናቸው። መስመሩ 60 ሴኮንድ ዝም ካለ ላፕቶፑ «አለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በየ10 ሴኮንዱ 3 ጊዜ ጠይቆ መልስ ካጣ ግንኙነቱ ሞቷል ይላል። በ90 ሴኮንድ ታውቃላችሁ ማለት ነው።

ይህ ግን ግማሹ ብቻ ነው። መብራት ሄዶ ላፕቶፑ ቢጠፋ ሰርቨሩ ይህን በምን ያውቃል? በሊኑክስ ነባር ቅንብር የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚልከው ከ7200 ሴኮንድ፣ ማለትም ከ2 ሰዓት ዝምታ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የሞተው ግንኙነት የቆለፋቸው ረድፎች እንደተቆለፉ ይቆያሉ። መብራቱ መጥቶ መዝጋቢው ያንኑ ረድፍ ሊያርም ሲሞክር ተርሚናሉ ዝም ይላል፣ ሰርቨሩ ተበላሽቷል ተብሎ ስልክ ይደወላል። የተበላሸ ነገር የለም፤ መዝጋቢው የሚጠብቀው የራሱን የቀድሞ ግንኙነት ነው። ስለዚህ በዚያው ፋይል ውስጥ አንድ ረጅም መስመር ጨምሩ፦

ኦፕሽንስ=-ሲ ቲሲፒ_ኪፕአላይቭስ_አይድል=60 -ሲ ቲሲፒ_ኪፕአላይቭስ_ኢንተርቫል=10 -ሲ ቲሲፒ_ኪፕአላይቭስ_ካውንት=3 -ሲ ታይምዞን=አፍሪካ/አዲስ_አበባ -ሲ ዴትስታይል=አይኤስኦ,ዲኤምዋይ

«-ሲ» ያለበት ሁሉ ለሰርቨሩ የሚላክ የግንኙነቱ ቅንብር ነው። በ«ሴት» ከመጻፍ የሚሻለው ለምን ቢባል፣ ፒኤስኪውኤል መልሶ በተገናኘ ቁጥር አብሮ ስለሚላክ ነው። ኔትወርኩ በቀን አሥር ጊዜ ቢሄድ አሥር ጊዜ ይመለሳል።

የይለፍ ቃል

የይለፍ ቃሉን ሰርቪስ ፋይሉ ውስጥ አታስገቡት። .ፒጂፓስ በሚባል ሌላ ፋይል፣ በአንድ መስመር፣ በሁለት ነጥብ እየለያችሁ ሆስት:ፖርት:ዳታቤዝ:ተጠቃሚ:የይለፍ ቃል ብላችሁ ጻፉ። ለማንኛውም ዋጋ * ማስቀመጥ ይቻላል። የይለፍ ቃሉ ራሱ : ወይም \ ካለበት ከፊቱ \ ይደረጋል። ከዚያ «ሲኤችሞድ 600» ብላችሁ ፋይሉን ለባለቤቱ ብቻ አድርጉት፤ ሌላ ሰው ሊያነበው የሚችል ከሆነ ፒኤስኪውኤል አስጠንቅቆ ፋይሉን ጭራሽ አይጠቀምበትም።

ፋይሉ እያለ የይለፍ ቃል መጠየቁን ከቀጠለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የሆስቱ ስም አለመግጠሙ ነው። ሰርቪስ ፋይሉ ላይ አድራሻውን በቁጥር ጽፋችሁ ፒጂፓስ ላይ በስም ከጻፋችሁት አይገናኙም፤ ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለባቸው። ፍለጋው ከላይ ወደ ታች ስለሆነና የመጀመሪያው የገጠመው መስመር ስለሚወሰድ፣ * የበዛበትን መስመር ከታች አድርጉት።

ዋናው ፋይል

ፒኤስኪውኤል በተከፈተ ቁጥር የሚያነበው ፋይል .ፒኤስኪውኤልአርሲ ነው፤ በሆም ፎልደር ይቀመጣል። ዊንዶውስ ላይ አፕዳታ ውስጥ፣ ፖስትግሬስኪውኤል በሚል ፎልደር፣ ፒኤስኪውኤልአርሲ.ኮንፍ ተብሎ ይጻፋል። ለመነሻ ይህ ይበቃል፦

\ሴት ኳየት 1
\ፒሴት ነል '∅'
\ኤክስ አውቶ
\ታይሚንግ ኦን
\ሴት ኦን_ኤረር_ሮልባክ ኢንተራክቲቭ
\ሴት ሂስትሳይዝ 5000
\ሴት ሂስትፋይል ~/.ፒኤስኪውኤል_ሂስትሪ-:ዲቢኔም
\ሴት ፕሮምፕት1 '%ኤን@%ኤም %/%አር%ኤክስ%# '
\አንሴት ኳየት

ኳየት ፋይሉ ሲነበብ በየመስመሩ የሚመጣውን መልእክት ዝም ያሰኛል፤ መጨረሻ ላይ እናነሳዋለን። የነል መስመር ዋጋ የሌለውን ሕዋስ ∅ አድርጎ ያሳያል። ኪሎው ያልተመዘገበ ጀልባና ስሙ ባዶ ጽሑፍ የሆነ ጀልባ በነባሩ ቅንብር አንድ ዓይነት ባዶ ሆነው ነው የሚታዩት። በዚህ ቦታ «ባዶ» ብሎ በአማርኛ መጻፍ ደስ ይላል፤ ግን አንድ ቀን እውነተኛ መረጃ መስሎ ሪፖርት ውስጥ ይገባል፤ ምልክት ይሻላል።

ፕሮምፕቱ (ትእዛዝ ከምትጽፉበት ቦታ በፊት የሚታየው ምልክት) ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ከሁሉም ቅንብሮች በላይ ከጥፋት የሚያድነው እሱ ነውና። ትንሿ ኤን ተጠቃሚውን፣ ኤም ሰርቨሩን፣ / ዳታቤዙን ይናገራሉ። እውነተኛውን መዝገብ ከመለማመጃው ሳይለዩ ዲሊት መስጠት የሚቻለው ፕሮምፕቱ ሳይናገር ሲቀር ነው። ትልቋ አር የምትጽፉበትን ሁኔታ ታሳያለች፦ = ካለ አዲስ ትእዛዝ ይጠበቃል፤ - ካለ የጀመራችሁት አልተዘጋም፤ ' ካለ የከፈታችሁት ጥቅስ አልተዘጋም። ትንሿ ኤክስ ትራንዛክሽን (በ«ቢጊን» ተጀምሮ በ«ኮሚት» የሚጸድቅ ወይም በ«ሮልባክ» የሚሰረዝ የትእዛዞች ስብስብ) ውስጥ ስትሆኑ *፣ ትራንዛክሽኑ በስህተት ሲወድቅ !፣ ግንኙነቱ በሌለበት ? ትሰጣለች። ከቢሮ ስትወጡ መጨረሻ የምታዩት ያች ኮከብ መኖር አለመኖሯን መሆን አለበት። ኮከብ ካለ ሥራው ገና አልተቀመጠም።

ኦን_ኤረር_ሮልባክ ለምን እንዳስፈለገ እንይ። ትራንዛክሽን ከፍታችሁ አርባ መስመር አስገብታችሁ በአርባ አንደኛው አንዲት ፊደል ብትሳሳቱ፣ ፖስትግሬስ ሙሉውን ትራንዛክሽን ውድቅ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ የምትሉትን ሁሉ «ትራንዛክሽኑ ተቋርጧል» እያለ አይቀበልም፣ ያለ ሮልባክም አትወጡም። ይህ ቅንብር በርቶ ከሆነ ፒኤስኪውኤል ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በፊት በስውር ሴቭፖይንት (የመመለሻ ነጥብ) ያስቀምጥና ወደዚያ ይመለሳል፤ አርባዎቹ ይተርፋሉ። ዋጋው «ኢንተራክቲቭ» ይሁን እንጂ «ኦን» አይሁን፤ «ኦን» ከሆነ በፋይል የሚሄዱ ስክሪፕቶችም ስህተቱን ዘለው ይቀጥላሉ፣ ግማሽ የገባ መረጃ ደግሞ ካልገባ ይከፋል።

አውቶኮሚትን (እያንዳንዱ ትእዛዝ በራሱ ወዲያው እንዲጸድቅ የሚያደርገውን ነባር ቅንብር) ስለማጥፋት ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቢሮ አንመክረውም። ሲጠፋ፣ ጠዋት ከጻፋችሁት ከመጀመሪያው ትእዛዝ ጀምሮ ሁሉም ክፍት ትራንዛክሽን ውስጥ ይሆናል፤ አምስት ሰዓት ላይ መብራት ቢሄድ የጠዋቱ ምዝገባ አብሮ ይሄዳል። እንደነበረ ተዉት፣ አፕዴትና ዲሊት ስትሰጡ ግን ሁልጊዜ «ቢጊን» ብላችሁ ጀምሩ፤ ስንት ረድፍ እንደተነካ እዩ፤ ቁጥሩ ከጠበቃችሁት ከገጠመ «ኮሚት»፣ ካልገጠመ «ሮልባክ»።

ሂስትፋይል የጻፋችሁትን ለየዳታቤዙ ለይቶ ያስቀምጣል (እዚያ ያለው :ዲቢኔምም ልዩ ተለዋዋጭ ነው)። መታወቅ ያለበት ግን ፒኤስኪውኤል ታሪኩን ወደ ፋይል የሚጽፈው ሲዘጋ ነው። መብራት ሄዶ ላፕቶፑ ድንገት ከጠፋ የዚያ ቀን ታሪክ የለም። ረጅም ትእዛዝ ከደከማችሁበት \ኤስ ብላችሁ የፋይል ስም ስጡት፤ እስከዚያ ያለውን ወዲያው ይጽፈዋል። የተጠቃሚ የይለፍ ቃል ስትቀይሩ ደግሞ በ\ፓስወርድ ቀይሩ፤ በ«ኦልተር» ከጻፋችሁት ግልጹ ቃል ታሪኩ ውስጥ ይቀራል።

ፔጀሩን (ረጅም ውጤትን በገጽ በገጽ የሚያሳየውን ፕሮግራም) በዚህ ፋይል ሳይሆን፣ ተርሚናሉ ሲከፈት በሚነበበው በ.ባሽአርሲ አስተካክሉ፦

ኤክስፖርት ፒኤስኪውኤል_ፔጀር='ሌስ -ኤስኤክስኤፍ'
ኤክስፖርት ሌስቻርሴት=ዩቲኤፍ-8

ከኤክስፖርት ቀጥሎ ያሉት ሁለት ስሞች፣ ከሰረዙ ቀጥሎ ያሉት ሦስት ፊደላትም፣ ትልልቅ ናቸው፤ ዩቲኤፍ-8 ግን በትንንሽ። ኤስ ሰፊውን ሠንጠረዥ ከመጠቅለል ይልቅ ወደ ጎን እንድትገፉት ያደርጋል፤ ኤፍ ውጤቱ በአንድ ስክሪን ካለቀ ፔጀሩን ይዘጋል፤ ኤክስ ያያችሁት ስክሪኑ ላይ እንዲቀር ያደርጋል። ሁለተኛው መስመር ከሌለ አንዳንድ ማሽን ላይ አማርኛው በቅንፍ የታጠሩ የባይት ኮዶች ሆኖ ይመጣል።

አማርኛውን መፈተን

አንድ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ውስጥ 3 ባይት ይወስዳል። ይህን ይዘን በአንድ መስመር ሁሉንም መመርመር እንችላለን፦

ሴሌክት ሌንግዝ('ጣና'), ኦክቴት_ሌንግዝ('ጣና');

መልሱ 2 እና 6 ከሆነ ሰላም ነው። 6 እና 6 ከመጣ ዳታቤዙ የተፈጠረው በኤስኪውኤል_አስኪ ነው፤ ፊደል አያውቅም፣ ባይት ብቻ ይቆጥራል። መፍትሔው ዳታቤዙን በዩቲኤፍ8 እንደገና መፍጠርና መረጃውን ማዛወር ነው፤ በክላየንት ቅንብር አይድንም። 6 እና 12 ከመጣ ዳታቤዙ ደህና ነው፣ ክላየንቱ ግን ላቲን1 ነኝ ብሎ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል እየላከ ነው። ፒጂክላየንትኢንኮዲንግ የሚለውን ተለዋዋጭ (ስሙ በትልልቅ ፊደላት) በ.ባሽአርሲ ውስጥ በኤክስፖርት ዩቲኤፍ8 አድርጉት። ይህ ሦስተኛው ሁኔታ አደገኛ ነው፤ በዚያው ክላየንት መልሳችሁ ስታነቡት ትክክል መስሎ ስለሚታይ ለወራት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

ዊንዶውስ ላይ የድሮው ጥቁር መስኮት ለአማርኛ አይመችም። «ሲኤችሲፒ 65001» ማለት ለማንበብ ይረዳል፤ አማርኛ መተየብ ግን እዚያ ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። አማርኛ ያለበትን ትእዛዝ በዩቲኤፍ-8 ፋይል ጽፎ በ\አይ ማስነበብ፣ ወይም ደብሊውኤስኤልን (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን የሚያስኬደውን) ከፍቶ እንደ ሊኑክስ መሥራት ይሻላል።

የሠንጠረዡ መስመር ጠማማ ሆኖ ቢታያችሁ መረጃው አልተበላሸም። ፒኤስኪውኤል ፊደላችንን የአንድ ሕዋስ ስፋት አለው ብሎ ይቆጥራል፤ ቅርጹ ግን ከሕዋሱ ይሰፋል። ጂኖም ተርሚናል ላይ በፕሮፋይሉ ቅንብር ውስጥ የሕዋስ ስፋት የሚባለውን ከ1.0 ወደ 1.3 አካባቢ ብታሳድጉት ፊደላቱ ይተነፍሳሉ።

አሁን ለአማርኛ ጸሐፊ ብቻ የሚመጣ ችግር። ኪቦርዳችሁ አማርኛ ላይ ሆኖ የጀልባውን ስም ጽፋችሁ ሳትመልሱት የትእዛዙን መዝጊያ ስትነኩ የሚወጣው ; ሳይሆን ፤ ነው። ዓይን አይለያቸውም። ፒኤስኪውኤል ግን ፤ን እንደ ማንኛውም ፊደል ስለሚያየው ትእዛዙ አልተዘጋም፤ ፕሮምፕቱ ከ= ወደ - ይቀየርና ይጠብቃል። ሰርቨሩ የዘገየ መስሏችሁ ትቀመጣላችሁ። በኋላ ; ብትጨምሩበት ደግሞ ፤ ከፊቱ ካለው ስም ጋር ተጣብቆ «ጀልባ፤ የሚባል ሠንጠረዥ የለም» የሚል ስህተት ይመጣል። \አር ብላችሁ የተጻፈውን አጥፉና እንደገና ጀምሩ። በቴሌግራም ወይም በዎርድ አልፎ የመጣ ትእዛዝም ቀጥ ያለው ' ወደ ጠማማው ’ ተቀይሮ ይደርሳል፤ ለጥፋችሁ ስህተት ከሰጠ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ቀንና ሰዓት

ከላይ በኦፕሽንስ መስመር ያስገባነው ዲኤምዋይ ቀንን በፊት ወርን በኋላ ያደርጋል። ነባሩ የአሜሪካ ልማድ ነው፤ 05/04/2024 ብትጽፉ ሜይ 4 ብሎ ይወስደዋል፣ ስህተትም አይልም። ከሁሉም የሚሻለው በዓመት-ወር-ቀን መጻፍ ነው፤ እሱ ለማንም አያሻማም።

የዘመን አቆጣጠራችን ግን በየትኛውም የክላየንት ቅንብር አይስተካከልም። የቀን ዓምዱ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2016ን 2016-02-30 ብላችሁ ብትጽፉ ፌብሩዋሪ 30 የለውምና አይቀበልም፤ ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለማያውቅ ይመልሰዋል። እነዚህ መልካም ስህተቶች ናቸው፣ ይናገራሉና። መስከረም 5 ቀን 2016ን 2016-01-05 ብትሉ ግን በጸጥታ ይቀበለዋል፤ መሆን የነበረበት 2023-09-16 ነበር። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የገባ ጀልባ 08:00 ተብሎ ይጻፋል፤ 02:00 ከተባለ ሌሊት የገባ ይሆናል።

አቋራጮችን በአማርኛ

የፒኤስኪውኤል ተለዋዋጭ ስም በፊደላችን ሊሆን ይችላል፤ ይህን ብዙዎች አያውቁትም። በ.ፒኤስኪውኤልአርሲ ውስጥ \ሴት ብላችሁ፣ ስም ሰጥታችሁ፣ ትእዛዙን በ' ' መካከል አድርጋችሁ፣ መጨረሻው ላይ ; ካስገባችሁ፣ በኋላ : እና ስሙን ብቻ ስትጽፉ ይሠራል። ትእዛዙ ውስጥ ራሱ ' ካለ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ክፍት የቀሩ ትራንዛክሽኖችን ከፒጂ_ስታት_አክቲቪቲ (ሰርቨሩ ያሉትን ግንኙነቶች ከሚዘረዝርበት ሠንጠረዥ) የሚያወጣ ጥያቄ «ክፍት» ብላችሁ ብታስቀምጡ፣ ተርሚናሉ በዘገየ ቁጥር :ክፍት ማለት ይበቃል።

ከዚህ የበለጠ የሚጠቅመው የሞክሼ ፊደላቱ ነው። አንዱ ባሕር ዳር ይላል፣ ሌላው ባህር ዳር፤ አንዱ ዓሣ፣ ሌላው አሳ፤ ለኮምፒውተሩ ግን እነዚህ የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ሁለት ተለዋዋጮች አስቀምጡ፦

\ሴት ከ 'ሐሑሒሓሔሕሖኀኁኂኃኄኅኆሃሠሡሢሣሤሥሦዐዑዒዓዔዕዖኣፀፁፂፃፄፅፆ'
\ሴት ወደ 'ሀሁሂሀሄህሆሀሁሂሀሄህሆሀሰሱሲሳሴስሶአኡኢአኤእኦአጸጹጺጻጼጽጾ'

ሁለቱም 37 ፊደላት ናቸው፤ አንዷ ብትጎድል ከእሷ በኋላ ያሉት ሁሉ ተንሸራትተው ይሳሳታሉ፣ ስለዚህ ቁጠሯቸው። ፍለጋ ላይ የስሙን ዓምድ ትራንስሌት(ዓምዱ, :'ከ', :'ወደ') ውስጥ አስገቡ፤ የምትፈልጉትንም ቃል እንዲሁ አድርጉ። በ: እና በስሙ መካከል ያለው ' ዋጋውን በትክክለኛ ጥቅስ ውስጥ ያስገባል፤ በእጅ ጥቅስ መጨመር አያስፈልግም።

የኤክሴል ፋይል ማስገባት

ኤክሴል ላይ «ሲኤስቪ» ብቻ ብላችሁ ካስቀመጣችሁ አማርኛው ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል፣ ወደኋላም አይመለስም፤ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጡ። ከዚያ በ\ኮፒ አስገቡ። ያለ \ የተጻፈው ኮፒ ፋይሉን የሚፈልገው ሰርቨሩ ላይ ነው፤ ባለ \ው ላፕቶፑ ላይ። \ኮፒ ሙሉው በአንድ መስመር መጻፍ አለበት፤ መሐል ላይ ኢንተር ከነካችሁ ይሰበራል።

ኤክሴል በፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታይ ምልክት ያስገባል። የመጀመሪያው መስመር የዓምድ ርዕስ ከሆነና «ሄደር» ካላችሁ አብሮ ይዘለላል። ርዕሱን ሰርዛችሁ ካስገባችሁ ግን በመጀመሪያው ረድፍ ቁጥር ላይ ተጣብቆ፣ ለዓይን ትክክል የሆነውን 1 ቁጥር አይደለም ይላችኋል።

\ኮፒ ወይ ሁሉን ያስገባል ወይ ምንም። በደካማ መስመር ሃምሳ ሺህ ረድፍ ልካችሁ መጨረሻው ላይ ቢቆረጥ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። «ስፕሊት -ኤል 5000» በሚለው የሊኑክስ ትእዛዝ ከፋፍላችሁ አንድ በአንድ ላኩት፤ ርዕሱ በመጀመሪያው ቁራጭ ላይ ብቻ ስለሚቀር ለቀሩት ሄደር አትበሉ።

የትእዛዝ ፋይል ስታስኬዱ «ፒኤስኪውኤል -ኤክስ -1 -ቪ ኦን_ኤረር_ስቶፕ=1 -ኤፍ» ብላችሁ የፋይሉን ስም አስከትሉ። ከሰረዝ ቀጥሎ ያለው ኤክስ ትልቅ ነው፤ የግል ቅንብራችሁ ስክሪፕቱን እንዳይነካ ያደርጋል። -1 ሁሉንም በአንድ ትራንዛክሽን ያስገባል፤ ኦን_ኤረር_ስቶፕ ደግሞ ስህተት እንደገጠመ ያቆማል።

ላፕቶፑ ቢጠፋም የሚቀጥል ሥራ

ሰርቨሩ ላይ በኤስኤስኤች የመግባት ፈቃድ ካላችሁ፣ ረጅም ሥራን ከላፕቶፕ ሆኖ መሥራት አይገባም። ሰርቨሩ ላይ «ቲመክስ ኒው -ኤስ ጣና» ብላችሁ (ቲመክስ መስኮቱ ቢዘጋም ሥራውን የሚያቆይ ፕሮግራም ነው) በዚያ ውስጥ ፒኤስኪውኤልን ክፈቱ። ባሕር ዳር መብራት ሲሄድ የሚቆረጠው መስኮቱ ነው፤ ሥራው እዚያው ይቀጥላል። ሲመለስ «ቲመክስ አታች -ቲ ጣና»፤ ፕሮምፕቱ ትታችሁት በሄዳችሁበት ቦታ ይጠብቃችኋል።

ነገር ግን ክፍት የተተወ ትራንዛክሽንም አብሮ ይቀጥላል፣ የቆለፈውንም ይዞ። ላፕቶፑ ላይ ቢሆን ኪፕአላይቭሱ በ90 ሴኮንድ ይለቀው ነበር፤ እዚህ ግን ግንኙነቱ ሕያው ስለሆነ ማንም አይለቀውም፣ መብራቱ እስከ ነገ ባይመጣ እስከ ነገ። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ ባለው ሰርቪስ ፋይል የኦፕሽንስ መስመር ውስጥ «-ሲ አይድል_ኢን_ትራንዛክሽን_ሴሽን_ታይምአውት=15ሚን» ጨምሩ። ትራንዛክሽን ከፍቶ 15 ደቂቃ ዝም ያለ ግንኙነት ይቆረጣል፣ ያልተቀመጠው ይመለሳል፣ ቁልፉም ይለቀቃል። አሥራ አምስት ደቂቃ ለቡና የሚወጣ ሰው ሊያልፈው ይችላል፤ ያለፈው ሰው ያልጸደቀውን ሥራ ያጣል፣ ሌሎቹ ግን መመዝገባቸውን አያቆሙም። ጀልባ ቆሞ ዓሣው በፀሐይ እየጠበቀ ባለበት ቢሮ ይህን እንመርጣለን።

ሁሉንም ከጨረሳችሁ በኋላ ራሳችሁ ፈትኑት። ላፕቶፑ ላይ ግቡ፣ ቢጊን በሉ፣ አንድ የመለማመጃ ረድፍ አርሙ፣ ከዚያ ዋይፋዩን አጥፉ። ሁለት ደቂቃ ጠብቁና መልሱት። ማንኛውንም ትእዛዝ ስትሰጡ ግንኙነቱ ጠፍቶ እንደነበረና እንደተመለሰ ይነግራችኋል፤ ከፕሮምፕቱ ላይ ኮከቧ ጠፍታለች፤ ያረማችሁት ረድፍ እንደ ቀድሞው ነው፣ አልተቆለፈምም። «ሾው ታይምዞን;» ብትሉ አዲስ አበባን ከመለሰ የኦፕሽንስ መስመሩ ሠርቷል። ሌላ ከመለሰ ሰርቪስ ፋይሉን እንደገና ክፈቱና ከእኩል ምልክቶቹ አጠገብ የቀረች ባዶ ቦታ ወይም ያመለጠች ፊደል ፈልጉ።